እትዬ ጽጌ የከፈቱት ኢሜይል

አደጋን በተመለከተ እኛ አዲስ አበቤዎች ሁለት ቃል ይበቃናል፤ «ምንም አይሆንም»። የሚኒባሱ በር በሽቦ ታስሮ ሲከንፍ ምንም አይሆንም። በአንዲት የኤሌክትሪክ ማከፋፈያ ላይ ምድጃው፣ ፍሪጁ፣ ቴሌቪዥኑና የእንግዳ ስልክ ተደራርበው ተሰክተው፣ ማከፋፈያዋ ትኩሳት እንደያዘው ሕፃን ስትግል፣ ዳበስ አድርገን ሙቀቷን እንለካና «ምንም አይሆንም» ብለን ወደ ወሬያችን እንመለሳለን። አስፋልት ስንሻገርም ያው ነን፤ እየበረረ የሚመጣውን ሾፌር ዓይን ዓይኑን እያየን፣ ሰው ነውና ያቆማል ብለን ዘው እንላለን። ይህን የምናደርገው ደፋሮች ስለሆንን እንዳይመስላችሁ። እንዲያውም ስለምንፈራ ነው። ፍርሃትን ቁጭ ብሎ ከማብሰልሰል ሁለት ቃል ተናግሮ መገላገል ይቀላል። ደግሞ ብዙውን ጊዜ እውነትም ምንም አይሆንም። ጉዱ ያለው እሱ ላይ ነው።

የሆነ እንደሆነ ደግሞ ሌላ ጠባይ እናወጣለን። ያን ጊዜ ጥያቄያችን አንድ ብቻ ነው፤ «ማን ነው?» ቧንቧ ፈንድቶ ሳሎኑ ኩሬ ሲሆን፣ ቆጣሪው ጋ ሄዶ ውሃውን ከመዝጋት በፊት ማን እንደነካው፣ ለምን እንደነካው፣ ሲነካስ ማን እንዳየው እንጠያየቃለን። ውሃው እየፈሰሰ፣ እኛ እስከ ቁርጭምጭሚታችን ርሰን ችሎት እንቀመጣለን። ጥፋተኛው ሲገኝ ልባችን ያርፋል፤ ምንጣፉ ግን አለቀለት።

ስለ ቧንቧ ላወራችሁ አይደለም የመጣሁት። ስለ አንዲት የሥራ ባልደረባዬና እሳቸው ስለከፈቱት ኢሜይል ነው።

የምሠራው ካዛንቺስ፣ ወደ ኡራኤል በሚወስደው መንገድ ላይ ካሉት ሕንጻዎች በአንዱ ውስጥ፣ አንድ የሕክምና ምርመራ ላቦራቶሪ ነው። ስሙን ተዉት። ከየክሊኒኩ ደምና ናሙና ይመጣልናል፤ መርምረን ውጤት እንሰጣለን። እኔ አስተዳደር ክፍል ነኝ፤ ስብሰባ ሲኖር ቃለ ጉባኤ እይዛለሁ። ቃለ ጉባኤ መያዝ የሚናቅ ሥራ ይመስላል እንጂ ጥሩ ነው። ሌላው ሁሉ ስልኩ ላይ አቀርቅሮ እያለ የሚናገረውን ሰው ፊት የሚያየው ቃለ ጉባኤ ያዡ ብቻ ነው።

እትዬ ጽጌ የውጤት መስጫው ክፍል ኃላፊ ናቸው። ላቦራቶሪው ሲከፈት ጀምሮ አሉ፤ አንዳንዶቻችን እንዲያውም ሕንጻው በሳቸው ዙሪያ የተሠራ ይመስለናል። መነጽራቸው አንገታቸው ላይ በሰንሰለት ይንጠለጠላል፤ ሲቆጡ ያጠልቁታል። የሰው ውጤት በሳቸው እጅ ከገባ የባንክ ካዝና ውስጥ ገባ ማለት ነው። ባል መጥቶ የሚስቴን ውጤት ልውሰድላት ቢል፣ ሱፍ ለብሶ ይምጣ፣ ጥሩንባ አስነፍቶ ይምጣ፣ የሚስቱን ፈቃድ ካላሳየ ባዶ እጁን ይመለሳል። ብዙ ባሎች ተመልሰዋል። ከተመለሱት ውስጥ አንዳንዶቹ ለምን ለመውሰድ እንደቸኮሉ እትዬ ጽጌ ያውቃሉ፤ ለማንም አይናገሩም።

ሐናን የመጣችው ከሁላችንም በኋላ ነው። ወላጆቿ ከወሎ መጥተው ለገሃር አካባቢ ጨርቅ የሚነግዱ፣ እሷ ቂርቆስ ተወልዳ ያደገች፣ ባንክ ቤት ኮምፒውተር ስትጠብቅ ቆይታ ወደ እኛ የተዛወረች ልጅ ናት። በሯ ላይ «የመረጃ ደህንነትና የስጋት ሥራ አመራር» የሚል ጽሑፍ ተለጠፈ። በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ተገልጋይ ጽሑፉን ቆሞ ካነበበ በኋላ፣ ስጋት የሚሰጠው እዚህ ከሆነ እሱ ከቤቱ ይዞ እንደመጣ ነግሯት ሄደ። ሐናን ይህን እየሳቀች ነገረችን፤ ያን ቀን ወደድናት። ሥራዋን ግን አልተረዳንላትም።

እንድንረዳላት ስብሰባ ጠራች። ነጭ ሰሌዳ ፊት ቆማ የምንፈራውን እንድንነግራት ጠየቀችን። ከዚያ አንዱ ከኋላ እኔ የምፈራው እግዚአብሔርን ብቻ ነው አለ። ሐናን ሳትስቅ፣ እሱ ሰሌዳው ላይ አይጻፍም አለችው። ቀጥላ የአባቷን ሱቅ አነሳች። በክረምት ጎርፍ ሱቁ ውስጥ ይገባል። አባቷ ዝናቡ ዘንድሮ ይመጣል አይመጣም ብለው ሲጨነቁ አታውቅም፤ ውዱን ጨርቅ ወደ ላይኛው መደርደሪያ ያወጣሉ፣ ርካሹን ከታች ይተዋሉ፣ በሩ ሥር አሸዋ የሞላ ከረጢት ያስቀምጣሉ፣ አንድ ክምር ደግሞ ሌላ ሰፈር ያለ ወንድማቸው ቤት ያኖራሉ።

«ዝናቡን አያስቆሙም። ሱቁ ግን ሲዘንብም ሱቅ ነው። የኔም ሥራ እሱ ነው» አለች።

ያን ጊዜ ትንሽ ገባን። የእኛ ውድ ጨርቅ የሰው ውጤት መሆኑን ለመናገር ማንም አልቸገረውም። ውጤቱ ሁሉ የሚቀመጠው ሰርቨር በሚባለው አንድ ትልቅ ኮምፒውተር ውስጥ ነው። ወደዚያ የሚገባ ሌባ ወይ ያየውን ይዘራዋል፣ ወይ ቆልፎብን ካልከፈላችሁኝ አልከፍትም ይላል። ሌባው ደግሞ አጥር አይዘልም። ደብዳቤ ይልካል፤ እኛው በእጃችን እንከፍትለታለን።

እዚህ ላይ ሥራ አስኪያጃችን ዶክተር መኮንን ያረቀቁትን ደንብ አነበቡ። አጠራጣሪ ኢሜይል የከፈተ ሠራተኛ የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ይሰጠዋል፤ ከደገመ ይሰናበታል። ዶክተር ክፉ ሰው አይደሉም፤ ነገር የሚጠነክረው በደንብ ይመስላቸዋል። ሐናን እጇን አወጣችና፣ እቀጣለሁ ብሎ የፈራ ሰው ይደብቃል፣ እኔን የሚጠቅመኝ ቶሎ መጥቶ የሚነግረኝ ነው አለቻቸው። ዶክተር ማመንታት ሲጀምሩ እትዬ ጽጌ መነጽራቸውን አጠለቁ።

«ልጄ፣ አንቺ ኮምፒውተሩን ታውቂያለሽ፤ እኔ ሰውን አውቃለሁ» አሉ። «በሰው ምስጢር ቀልድ የለም። እኔን ከጠየቃችሁኝ ማስጠንቀቂያውም ይቅር፤ በመጀመሪያው ይሰናበት።»

አዳራሹ በሙሉ ራሱን ነቀነቀ። እትዬ ጽጌ ተናግረው ራሱን የማይነቀንቅ ሰው የለም፤ የለመደብን ነው። ደንቡ ከአንድ ድምፅ በቀር በሁሉም ድጋፍ ጸደቀ። ሐናን ሰሌዳዋን ጠርጋ ወጣች።

ይህ የሆነው ካዛንቺስ በምትፈርስበት፣ መንገዱ በሚሰፋበት ሰሞን ነበር። ከመንገዱ ማዶ የነበሩት ቤቶች ሄደው፣ ምሳ የምንበላባት ቤት ከነባለቤቷ ሌላ ሰፈር ገብታ፣ መስኮት ስንከፍት አቧራና ሰማይ ብቻ ይታየን ነበር። የእኛ ሕንጻ ይነሳል ወይስ አይነሳም የሚለው ወሬ የእያንዳንዱ ጠዋት ቁርስ ሆነ። ሁሉም አንድ የሚያውቀው ሰው አለው፤ ያ ሰው ደግሞ ሌላ የሚያውቀው ሰው አለው። አንዱ ይነሳል ይላል፣ ሌላው የፊት ግድግዳው ብቻ ነው ይላል፣ ሦስተኛው ቀለሙን ከቀየርን ይተዉናል ይላል። ትክክለኛውን ነገር የሚነግረን ቢገኝ ማንነቱን ሳንጠይቅ እጁን የምንስም ነበርን። ይህን ልብ ያለ አንድ ሌባ፣ የት አገር እንዳለ እስካሁን አላወቅንም፣ ኢሜይል ላከ።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት ሐናን ክፍል ገብቼ ስለ አንድ ስብሰባ ስናወራ በሩ ተንኳኳ። እትዬ ጽጌ ነበሩ። ሊፍቱ ከተበላሸ ቆይቷልና ደረጃውን በእግራቸው ወጥተው ትንፋሽ አጥሯቸዋል። እኔን አዩኝ። ትንሽ አመነቱና በሩን ዘጉት።

«ሐናን፣ እኔ ከፍቻለሁ» አሉ።

ኢሜይሉ ከሕንጻው አስተዳደር የተላከ ይመስል ነበር። ርዕሱ «ሕንጻው የሚለቀቅበት ቀን» ይላል። እትዬ ጽጌ ርዕሱን እንዳዩ ላኪውን ሳያጣሩ ጫኑት። ሲከፍቱት ደብዳቤውን ለማንበብ ፓስዎርድ ያስገቡ አለ፤ አስገቡ። ከዚያ ገጹ ባዶ ሆነ። ባዶውን ገጽ እያዩ ጥቂት ተቀመጡ። ማንም አላያቸውም። ውጤት የሚጠብቀው ሰው ፊት ለፊታቸው ተሰልፏል፤ ገጹን ዘግተው «ቀጣይ» ማለት ይችሉ ነበር። ኋላ ሲነግሩኝ፣ ለመዝጋት እጄን ልኬ ነበር አሉኝ። ከዚያ ሰልፉ መጀመሪያ ላይ የቆመችውን ሴት አዩ። ዕጢ ተወስዶላት የምርመራውን ውጤት የምትጠብቅ፣ ከልጇ ጋር የመጣች ሴት ናት። በዚያ ፓስዎርድ የሚከፈተው የሷ ውጤት ነው። ተነሱ።

ሐናን እንዲቀመጡ ጠየቀቻቸው፤ እንቢ አሉ። ከከፈቱት ምን ያህል እንደቆየ ጠየቀቻቸው፤ ደረጃውን እስክወጣ ብቻ ነው አሏት።

«በጣም ጥሩ» አለች ሐናን። ጣቶቿ ኪቦርዱ ላይ ናቸው።

በዚያ ሰዓት ትላለች ብዬ ከጠበቅኋቸው ቃላት ውስጥ «በጣም ጥሩ» አልነበረም። እትዬ ጽጌም አልጠበቁም፤ ስድብ ለመቀበል የተዘጋጀው ፊታቸው ስድቡን ሲያጣ ግራ ሲጋባ አየሁት። ሐናን ፓስዎርዳቸውን ለወጠች። በሳቸው ስም ከውጭ የገባ ሰው ነበር፤ ያንኑ ኢሜይል ለሁላችንም ሊልክ ሲሰናዳ አስወጣችው። ሁሉም ነገር ጥርስ ቦርሾ የመጨረስ ያህል ጊዜ ነው የፈጀው። እትዬ ጽጌ አለቀ ወይ አሏት።

«የእርስዎ አልቋል» አለች። ግን ማያውን ትኩር ብላ ማየቷን አላቆመችም። «ከእርስዎ በፊት ሌላ ሰው ከፍቷል። ሌባው ከትናንት ጀምሮ ውስጥ ነው።»

ነገሩን ቀለል አድርጌ ልንገራችሁ። የምርመራ ክፍሉ ልጆች ሁሉ የሚገቡት በአንድ የጋራ ስምና በአንድ የጋራ ፓስዎርድ ነበር። ሐናን ይህ ይቅር ብላ ለምና ነበር፤ በየራሳችን ስንገባ ሥራ ይጓተታል ተብላ ተመለሰች። አሁን ሌባው በዚያ የጋራ ስም ገብቷል። የትኛው ኮምፒውተር ላይ ምን እንደተከለ ለማወቅ የከፈተው ሰው መናገር አለበት። ካልተናገረ ሁሉንም ኮምፒውተር አንድ በአንድ መበርበር ነው፤ ያ ደግሞ ቀናት ይፈጃል፤ ሌባው ቀናት ከተሰጡት ሥራውን ይጨርሳል።

የምርመራ ክፍል ሠራተኞች ተሰበሰቡ። ሐናን ማን እንደሆነ ማወቅ አልፈልግም፣ የትኛው ኮምፒውተር እንደሆነ ብቻ ንገሩኝ አለች። ሁሉም ጫማውን ማየት ጀመረ። ከመካከላቸው አንዱ ሊናገር ነው ብዬ ሳስብ ዶክተር መኮንን ገቡና ያችን የታወቀች ጥያቄ ጠየቁ፤ «ማን ነው?» ክፍሉ እንደ በረዶ ደረቀ። ከዚህ በኋላ በመጋዝም የሚከፈት አፍ አልነበረም።

እትዬ ጽጌ ከበሩ አጠገብ ቆመው ነበር። ወደ ፊት መጡ።

«እኔ ዛሬ ጠዋት ከፍቻለሁ» አሉ፤ ውጤት ሲጠሩ በሚያሰሙት ጥርት ያለ ድምፅ። «ስለ ሕንጻው የሚል ኢሜይል ነው። ፓስዎርዴን በገዛ እጄ ጽፌ ሰጠሁት። ደንቡን የደገፍኩትም እኔ ነኝ፤ ሁላችሁም ነበራችሁ።»

ያን ጊዜ ከማይክሮስኮፖቹ ጀርባ አንድ ድምፅ መጣ። በረከት ነው፤ በቅርብ የተቀጠረ፣ የሙከራ ጊዜውን ያልጨረሰ፣ ሚስቱ እርጉዝ የሆነች የላብ ቴክኒሺያን።

«ማለቴ... የኔ የትናንት ነው» አለ። «ያንኑ ኢሜይል። በመስኮቱ በኩል ያለው ኮምፒውተር ላይ። አንድ ነገር አውርድ አለኝ፤ በቃ፣ አወረድኩት።»

ሐናን ሳትጠይቀው ሮጠች። ዶክተር ግን ጠየቁት፤ ለምን ትናንት አልተናገርክም? በረከት ዶክተርን አላያቸውም፤ እትዬ ጽጌን ነበር የሚያየው።

«እትዬ በስብሰባው ላይ ያሉትን ሰምቼ ፈራሁ» አለ።

እትዬ ጽጌን ለብዙ ዓመት አውቃቸዋለሁ። መነጽራቸውን አጥልቀው ሲቆጡ አይቻለሁ። ያን ቀን ግን አወለቁት። ያለ መነጽር ፊታቸው ትንሽ ነው፤ ዓይናቸው የደከመ ነው። ከዚያ ወደ በረከት ሄዱና ክንዱን ያዙት፤ እንደዚያው እንደያዙት ወደ ዶክተር ዞሩ።

«እውነቱን ነው። ያስፈራሁት እኔ ነኝ» አሉ። «ልጁ ትናንት ተናግሮ ቢሆን ኖሮ ሌባው አንድ ሌሊት ባላደረ። ዶክተር፣ ማስጠንቀቂያውን ለኔ ጻፉልኝ። ደንቡን ግን ያንሱት።»

ዶክተር መኮንን ሐናንን ተከትለው ሄዱና ውጤቶቹ ደህና መሆናቸውን ጠየቋት። ሐናን የመስኮቱን ኮምፒውተር ገመድ ነቅላ መሬት ላይ ተቀምጣ ነበር። ሌባው በሩን እየሞካከረ ነበር፣ ወደ ውጤቶቹ ግን ገና የገባ አይመስለኝም፣ ማረጋገጥ አለብኝ አለች። ያሰበው ማታ፣ ሰው በሌለበት፣ ሁሉን ነገር ለመቆለፍ ሳይሆን አይቀርም። ስለዚህ ሰርቨሩን ዘግታ፣ ማጽዳት ያለበትን አጽድታ፣ በየሳምንቱ ቀድታ ከኔትወርክ ውጭ ከምታስቀምጠው ቅጂ መልሳ ማስነሳት ትፈልጋለች። ያ ማለት ቀኑን ሙሉ ውጤት ከኮምፒውተር አይወጣም ማለት ነው። ዶክተር ዝጊው አሏት።

ታዲያ ይህንን ሁሉ ለሚጠብቀው ሕዝብ ማን ይንገረው? «ሲስተም የለም» የሚባል ለሁሉ የሚሆን መልስ አለን፤ ታውቁታላችሁ፣ ተብላችሁም ታውቃላችሁ። አንዱ ልጅ ወጥቶ እንደዚያ ሊል ሲል እትዬ ጽጌ አስቆሙት። ራሳቸው መጠበቂያው አዳራሽ መሀል ቆሙና፣ ኮምፒውተራችን ውስጥ ሌባ ሊገባ ሞክሯል፣ የእናንተን ምስጢር ለመጠበቅ ዘግተነዋል፣ የደረሰውን ውጤት በእጅ እንጽፋለን፣ ይዘገያል አሉ። እኔ ጩኸቱን እየጠበቅሁ ትከሻዬን ሰበሰብኩ። ፊት ወንበር ላይ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ከዘራቸውን ወደ ሌላው እጃቸው አዛወሩና፣ ሌባ ሲመጣ በር መዝጋት ነው እንጂ ሌላ ምን አለ፣ እንጠብቃለን አሉ።

ከዚያ የሆነውን ብታዩ። ደምበል ሕንጻ ውስጥ ልብስ የምትሸጥ አንዲት ሴት ሽልማት ደርሶሻል ብለው በስልክ እንዴት እንዳታለሏት ማውራት ጀመረች። አጠገቧ ያለው ሰው የሱን ተከተለ፤ በወንድሙ ስም በቴሌግራም የጻፈለትን ሌባ ለሦስት ቀን ወንድሜ እያለ አጫውቶታል። አንዷ ስትስቅ እንባዋ መጣ። ይህን ለቤተሰቦቻቸው እንኳ ነግረው የማያውቁ ሰዎች ናቸው፤ አፍረው። እትዬ ጽጌ ስለነገሯቸው ነው የተናገሩት። መጠበቂያ አዳራሻችን ያን ቀን ያየሁትን ያህል ደስ የሚል ሆኖ አይቼው አላውቅም፤ የማንም ውጤት ገና ሳይወጣ።

ያቺ ዕጢ የተወሰደላት ሴት ግን አልሳቀችም። እትዬ ጽጌን ጠጋ ብላ፣ የኔን ሌላ ሰው አይቶት ይሆን ብላ ጠየቀቻቸው። እትዬ ጽጌ አላየውም ማለት ይቀላቸው ነበር።

«ገና አላወቅንም» አሏት። «ስናውቅ ራሴ እደውልልሻለሁ፤ የሆነውን እንደሆነው።»

በማግሥቱ ሐናን ጨርሳ ስትመጣ፣ ዓይኖቿ ቀልተው፣ ሌባው የውጤቶቹን በር አልከፈተም አለች። እትዬ ጽጌ መጀመሪያ የደወሉት ለሴትዮዋ ነው። የምርመራው ውጤትም የዚያኑ ቀን በእጅ ተጽፎ ተሰጥቷት ነበር፤ ደህና ነበር። ስልኩን ከዘጉ በኋላ ጀርባቸውን ሰጥተውን መስኮቱን ያዩ ነበር፤ ከመስኮቱ ውጭ ደግሞ የሚታይ ነገር አልነበረም።

ደንቡ በሚቀጥለው ስብሰባ ተነሳ። ዶክተር መኮንን አዲሱን ራሳቸው አነበቡት፤ የተሳሳተና ወዲያው የተናገረ ይመሰገናል፤ የሚጠየቀው የደበቀ ብቻ ነው ይላል። በረከት የሙከራ ጊዜውን ጨርሶ ቋሚ ሆነ። እትዬ ጽጌ ማስጠንቀቂያ ይጻፍልኝ ብለው እስከ መጨረሻው ተከራከሩ፤ ሐናንና ዶክተር ተባብረው አሸነፏቸው። የምርመራ ክፍሉም የጋራ ፓስዎርዱን ጣለ፤ ሥራው አልተጓተተም።

ከዚያ በኋላ የመጣውን ግን ሐናንም አልጠበቀችውም። ሰው ሁሉ ይናዘዝ ጀመር። አንዷ ገንዘብ ተቀባይ ለሁሉ ነገር የልጇን ስም ፓስዎርድ አድርጋ እንደኖረች ነገረቻት። አንዱ ፓስዎርዱን ጽፎ ኪቦርዱ ሥር መለጠፉን፣ ሌላው የቢሮውን ኮምፒውተር ለልጁ ጨዋታ መስጠቱን አመነ። የሐናን ክፍል የንስሐ አባት ቤት መሰለ፤ ልዩነቱ የእኛ የንስሐ አባት ሒጃብ የለበሰች የለገሃር ነጋዴ ልጅ መሆኗ ነው። ዶክተር መኮንን ራሳቸው አንድ ከሰዓት ገብተው በሩን ዘግተው ብዙ ቆዩ። ምን እንዳሉ ሐናን አልነገረችንም። የኔንም አልነገረችም፤ እኔም አልነግራችሁም።

ጥንቃቄያችን አንዳንዴ ይበዛል፤ አልክድም። ባለፈው የሕንጻው አስተዳደር፣ እውነተኛው፣ ሊፍቱን የሚጠግን ሰው እንልካለን፣ በዚህ ቀን ክፈቱልን ብሎ ኢሜይል ላከ። እንዲህ ያለ መልካም ዜና ማን ያምናል? አንድም ሰው አልከፈተውም፤ ሁላችንም አጠራጣሪ ነው ብለን ለሐናን አስተላለፍንላት። ጠጋኙ ጥበቃው ጋ ቆሞ ሐናን ስልክ ደውላ እስክታጣራ ፀሐይ መታው። ሊፍቱ ግን ተሠራ። ሐናንም ለማጣራት መደወል ከመክፈት በፊት እንጂ ሰው ፀሐይ ላይ ካቆሙ በኋላ አይደለም ብላ በትህትና አረመችን።

ሕንጻው ይነሳ አይነሳ እስካሁን አላወቅንም። ሐናን አንዱን የውጤት ቅጂ ከካዛንቺስ ውጭ አስቀምጣለች፤ ግድግዳው ቢሄድ ውጤቱ አይሄድም። ከዚህ በላይ ማወቅ በእጃችን አይደለም፤ የጠዋቱ ወሬ ግን አልቆመም።

አሁን አዲስ ሠራተኛ ሲቀጠር ስለ ኢሜይል የሚያስረዱት እትዬ ጽጌ ናቸው። ሐናን ናት የጠየቀቻቸው። መነጽራቸውን አንገታቸው ላይ ለቀቅ አድርገው፣ እንዴት እንደተታለሉ ይተርካሉ፤ ወግ ያውቁበታል። ችግሩ ታሪኩ በየጊዜው ያድጋል። መጀመሪያ ሰሞን ገጹ ባዶ ሆኖ ነበር፤ ከዚያ ቀይ ሆነ፤ ከዚያ ድምፅ አሰማ። ባለፈው ሰኞ ሌባው ራሱ ስልክ ደውሎ እንዳነጋገራቸውና እሳቸውም ልክ ልኩን እንደነገሩት ሰማሁ። እኔ ቃለ ጉባኤ ያዥ ነኝ፤ እንዲህ ያለ ነገር ይከነክነኛል። ሐናንን ጠርቼ ለምን እንደማታርማቸው ጠየቅኋት።

«ጋሽ ታደሰ፣ የተታለሉበትን ቦታ አንድ ቀን ቀንሰው አያውቁም» አለችኝ። «የሚጨምሩት ሌባው ላይ ነው። ይጨምሩ።»

ያን ሰኞ ሲያዳምጡ ከነበሩት መካከል ገና ሥራ የጀመረች አንዲት እንግዳ ተቀባይ ነበረች፤ ስትሰማ ጥፍሯን እየነከሰች ነበር። በማግሥቱ ጠዋት ስገባ ልጅቷን በሐናን ክፍል በር ላይ ቆማ አየኋት። ስልኳን በሁለት እጇ ይዛለች፤ ፊቷ አመድ መስሏል። እኔን ስታይ ለመሄድ ዞር አለች። ከዚያ ተመልሳ አንኳኳች።